አምስት ጊዜ ሺፍት

የቀኝ እጄ ጣቶች አይታጠፉም። በስምንት ዓመቴ እናቴ ማሽላ ልታስፈጭ ስትሄድ ተከትያት ሄጄ የወፍጮው ቀበቶ እጅጌዬን ያዘው። አጥንቱ በወጌሻ ተጠገነ፤ ጣቶቹ ግን ደርቀው ቀሩ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ያናድደኛል። ስለ ኮምፒዩተር ቁልፍ ላወራ ነው፣ እጄን ካላስቀደምኩ ደግሞ ወሬው ራስና እግር አይኖረውም።

ኮቦ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክፍሏ የጋሼ ናት፤ ጋሼ የምለው አሠሪዬን ነው። ከቀትር በኋላ ጣሪያው ሲግል ማሽኑም ሰውም እኩል ያለከልካል። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዋጃ የመጣ ባለጉዳይ ደፉ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ጎረቤቱ ጎርፉን ከላይ ጠልፎ ማሳውን በደረቁ አስቀርቶበት ይመጣል፤ ሌላዋ ከባሏ ተፋታ ትመጣለች፤ ሌላው መታወቂያው ጠፍቶበት ይመጣል። ሁሉም ተናዶ ነው የሚመጣው። ከእነሱ ጋር የምግባባውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ግን ራሴው ነበርኩ የምከሰሰው። አማርኛ በምንጽፍበት ፕሮግራም «ጠ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ኘ»ን ለማውጣት ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ሌላውን መጫን ያስፈልጋል። ሁለት እጅ ላለው ቀላል ነው። እኔ ግን በግራ እጄ ሺፍቱን ስይዝ ፊደሉ ይርቀኛል፣ ፊደሉን ስነካ ሺፍቱ ይለቀኛል። ጠብ፣ ጥል፣ ጠበቃ፤ የራያ ማመልከቻ ያለ እነዚህ ይጻፋል? ባለጉዳይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንዲት «ጠበቃ» እስክጽፍ ሲያዛጋ ማየት ደሜን ያፈላው ነበር። ጋሼም ሲመረው «ልጄ፣ ፎቶ ኮፒው ላይ ብትሆኚ ምን ይመስልሻል?» አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

መፍትሔውን ያገኘሁት በብልሃት አልነበረም፣ በንዴት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት «ጨ» እምቢ ስትለኝ ሺፍቱን በአውራ ጣቴ ደጋግሜ ደበደብኩት። ማሽኑ ጢው አለና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር የሚጠይቅ መስኮት ከፈተ። ጋሼ ከኋላዬ «አጥፊው፣ ቫይረስ ይሆናል» አለ። እኔ በእልህ እሺ የሚለውን ጫንኩት። ከዚያ ሺፍትን አንድ ጊዜ ነክቼ ስለቀው ማሽኑ ሺፍቱን ይዞልኝ ቆየ፤ ቀጥዬ ፊደሉን ስነካ «ጨ» ወጣች። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግማ ወጣች። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ የነካ ሰው ይህን ያገኛል። ማሽኑ ሲፈበረክ ጀምሮ እኔን የመሰለ ሰው ታስቦበት ኖሯል፣ የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ደስታዬ ሳይሞላ ተናደድኩ፤ ስንት ወር ሙሉ ተሰቃይቼ!

ከዚያ ወዲህ አንድም ቁልፍ እንደነበረ አልተውኩም። ማንም የማይፈልገውን ካፕስ ሎክ የሚባል ቁልፍ በትንሽ ፕሮግራም ሌላ ሺፍት አደረግሁት፤ ለግራ እጄ ቅርብ ነው። ከላይ የተደረደሩትን ቁልፎች ለማስቀመጥ፣ ለማተም፣ ገጽ ለመቁረጥ ሰጠኋቸው። ዘወትር የምደጋግመውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ በአጭር ቃል አሰርኩት። «አቤ» ብዬ ባዶ ቦታ ስነካ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ አቤቱታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ» የሚለው ከነሙሉ ክብሩ ይዘረጋል። በዓመት ውስጥ በአንድ እጄ ከጋሼ ሁለት እጅ ቀደምኩ። ስለ ፎቶ ኮፒው ያነሳ የለም።

አሁን ደግሞ ፍጥነቴ ጠላት አፈራብኝ። ከዋጃ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ የጎርፍ ክርክር ያላቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ሳይጀምሩ እኔ «አቤ» ብዬ መግቢያውን ዘረጋሁት። ፊደል ይለያሉ። የኮምፒዩተሩን ማያ አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ይሄ ከማን የተረፈ ነው?» አሉ።

«የርስዎ ነው አባባ።»

«እኔ አፌን ሳልከፍት? የሰው ልብስ አታልብሽኝ ልጄ። እኔ እየነገርኩሽ ጣፊ፤ ጣትሽ ሲሄድ ልየው።»

አጠፋሁትና ፊደል በፊደል ጻፍኩላቸው። ለእሳቸውም፣ ከእሳቸው በኋላ ለመጡትም እንደዚያው። በኛ አገር አቤቱታ የሚጻፈው ሰውየው እየተናገረ፣ ጸሐፊው እየሰማ ነው፤ በደሉ ወደ ወረቀት ሲገባ በዓይኑ ካላየ የተሰማ አይመስለውም። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም አንዳንድ ቀን ሥራ ሲበዛ ማያውን ወደ ራሴ አዙሬ በአጭር ቃል ጨርሼው፣ ከዚያ ለዓይናቸው ብዬ ባዶ ገጽ ላይ ዝም ብዬ ቁልፍ ስቀጠቅጥ ራሴን አግኝቻለሁ። ሁለት እጅ ያለውን ስበልጠው ደግሞ ዝግ ብዬ እንድታይ መገደዴ አንገበገበኝ።

ሌላም ልማድ ነበረኝ። ያለቀውን ወረቀት ለሰው አቀብዬ አላውቅም። በቀኜ መያዝ አልችልም፤ በግራ እጅ ለታላቅ ሰው ማቀበል ደግሞ ነውር ነው። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «በግራሽ ከምትዘረጊ አስቀምጭላቸው» ብላ አስተምራኛለች። ምግቡን እንኳ ሼሁ «አሏህ ያውቅላታል» እስኪሉ ድረስ በግራዬ ስበላ ፊቷን ታዞር ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ዳር አስቀምጥና በዓይኔ እጠቁማለሁ፤ እነሱ ያነሱታል። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

አንድ መሥሪያ ቤት የጸሐፊ ቦታ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማስታወቂያውን አይታ የነገረችኝ እናቴ ሳትሆን ጎረቤቷ ናት፤ እናቴ ግን ከእኔ በፊት አምናበት ነበር። «ቋሚ ሥራ ነው ልጄ። ወላሂ አንች ከማን ታንሻለሽ?» አለች። በወፍጮ ቤቱ ነገር ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትወቅስ የኖረች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ያን ቦታ የፈለግሁት በየቀኑ እችላለሁ እያልኩ ከማስረዳት ለመገላገል ነበር። አንድ ጊዜ ተፈትኜ፣ አንድ ጊዜ ተጽፎልኝ፣ ማንም ዳግመኛ ወደ እጄ እንዳያይ።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ፈታኙ የሰው ሀብት ኃላፊው ራሱ ነበር፤ ጎልማሳ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የማይቆጣ ሰው። የማይቆጣ ሰው ከሚቆጣው ይልቅ ያስቸግረኛል። እጄን አሳየሁትና ነገሩን አስረዳሁት።

«ምንም አልጭንም» አልኩት። «ማሽኑ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሺፍትን አምስት ጊዜ መንካት ብቻ ነው፤ ስጨርስ እመልሰዋለሁ።»

«ለሁሉም እኩል ነው እህቴ። ላንች ከፈቀድኩ ነገ ቅሬታ ይመጣብኛል።»

«እጃችን እኩል ቢሆን እኔም አልጠይቅዎትም ነበር።»

«ሕግ ነው» አለና ስልኩን አነሳ። ያልደወለለትን ሰው «አቤት» ሲል ሰማሁት።

በማግስቱ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ተሰጠን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ጀምሩ ሲባል የሌሎቹ ቁልፎች ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ አንድ ላይ ተነሡ። እኔ ቁልፎቹን አየሁ፣ ኃላፊውን አየሁ። ማንም ባላወጣው ሕግ ነው የከለከለኝ አልኩ ለራሴ፣ ሺፍቱንም አምስት ጊዜ ነካሁት። ማሽኑ ጢው አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ።

ኃላፊው መጥቶ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ አለና መስኮቱን በገዛ እጁ ዘጋው። «ሁለተኛ ከነካካሽ ትወጫለሽ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዚያ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ከኋላዬ ቆመ።

በደረቀው እጄ ሺፍቱን ልያዝ ብዬ መዳፌን በስተቀኝ ባለው ሺፍት ላይ ጣልኩት። ክብደቱ ቁልፉን ይጫነዋል፣ ግራዬ ፊደሉን ይለቅማል፣ ከዚያ ትከሻዬን ስቤ ቀኙን አነሣለሁ። በዚህ ዓይነት ሦስት መስመር ያህል ሄድኩ። አራተኛው ላይ የሰጡን ጽሑፍ አልነበብ አለኝና ጎንበስ ብዬ ስፈታው ደረቁ እጄ ሺፍቱ ላይ ተረስቶ ቀረ። ማሽኑ እንደገና ጮኸ፣ ሌላ መስኮት ተከፈተ። አላነበብኩትም። የሰውየው ትንፋሽ ጀርባዬ ላይ ነበር። ሳያይብኝ ይጥፋ ብዬ ኢንተርን ነካሁት።

መስኮቱ ጠፋ፤ ኃላፊው ጩኸቱን ሰምቶ ጎንበስ ሲል የሚዘጋው ነገር ስላላየ አለፈኝ። ኪቦርዱ ግን ከዚያ በኋላ አልሰማ አለኝ። ፊደል እነካለሁ፣ አይወጣም። ጠብቄ ስይዘው እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ዘግይቶ አንዲቱን ይጥላል። በኢንተር እሺ ማለቴን ያወቅሁት ወዲያው ነው። ስለ ሺፍቱ ሳጠና ስለዚህኛውም አንብቤ ነበር፤ የቀኙን ሺፍት ስምንት ሰከንድ ይዞ የቆየ ሰው ማሽኑ «እጁ የሚንቀጠቀጥ ነው» ብሎ ያስብና ፈጣን ንክኪን አልቀበልም ይላል። ለማጥፋትም ያው ስምንት ሰከንድ ነው። ግን ሦስተኛ ጊዜ ቢጮህ እወጣለሁ። እጄን አንሥቼ ልናገር ብል ነካካሁ ብዬ ራሴን መክሰሴ ነው። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ በማንም ያልተናደድኩትን ያህል በራሴ የተናደድኩት በዚያ ዝምታዬ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሩብ ገጽ ጽፌ ነበር።

ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሰባተኛ ነኝ። ከስሜ ጎን «የማሽኑን ሁኔታ ለመለወጥ ስትሞክር ተገኝታለች» ተብሎ ተጽፏል። የነውር ወሬ በኮቦ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ቤት ስደርስ እናቴ ሰምታ ነበር። ተነሥታ ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ማሸት ጀመረች፣ ልጅ ሆኜ ታደርገው እንደነበረው። ነጥቄ ወሰድኩባት። ለዚያ ይቅርታ የጠየቅኋት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ክፍላችን ደጃፍ ቆመ።

«ኃላፊው ያበላሸሽውን መጥተሽ አስተካክይ ብሎሻል» አለኝ።

ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ። «አትሄድም። እዚህ ሰው እየጠበቃት ነው።»

ጥበቃው ነገሩን ዘርዝሮ ነገረን። እኔ የተፈተንኩበት ማሽን ያሸነፈችው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው። ከገባች ጀምሮ ኪቦርዱ አልጽፍ ብሏታል። ከወልድያ የመጣ ጠጋኝ ቁልፎቹ ሞተዋል ብሎ አዲስ አስገዛ፤ አዲሱም ያው ሆነ። አሁን ልጅቷ ፈተናውን እንዴት አለፈች እየተባለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የዚያች ግራኝ ሴትዮ ሥራ ነው ብሏል። ጥበቃው ይህን ሲል ወደ መሬት አየ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ኪቦርድ ሲቀይሩ መስኮቱ ውስጥ ምን እንዳለ ልይ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ልቀር ነበር። ወላሂ ይበስብስላቸው ብዬ ነበር። ግን ያቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ጎብዬ ላይ ከአክስቷ ጋር ቲማቲም እየሸጠች የተማረች ናት፤ በራሷ እጅ ነው ያሸነፈችው። ማንም እጇን እንደኔው በጥርጣሬ እንዲያይባት አልፈልግም። ነጠላዬን አነሣሁና ሄድኩ።

ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ከወንበሩ ተነሣችልኝ። ኃላፊው በር ላይ ቆመ። ተቀመጥኩና በግራ አውራ ጣቴ የቀኙን ሺፍት ይዤ እስከ ስምንት ቆጠርኩ። ማሽኑ ጮኸ። ልጅቷን «ሞክሪው» አልኳት። ጎንበስ ብላ ስሟን ጻፈች፣ ወጣ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄው ነው?» አለ ኃላፊው።

«ይሄው ነው። ያበራሁት እኔ ነኝ፣ አልዋሽዎትም። ደረቁ እጄ ሺፍቱ ላይ ከረመ፣ እርስዎ ከኋላዬ ስለቆሙ ፈርቼ ኢንተር ነካሁ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ይህን ለሠራተኛው ሁሉ ይንገሩልኝ።»

«እሺ፣ እናመሰግናለን» አለና ወደ ጎን ሆኖ በሩን ለቀቀልኝ።

እኔ ግን አልተነሣሁም። ንዴቴ አንዴ ከመጣ ሳይጨርስ አይሄድም።

«የፈተናው ወረቀት አለ?» አልኩት። «ያ የእጅ ጽሑፍ።»

«ቦታው እኮ ተይዟል እህቴ።»

«ቦታውን አልጠየቅሁዎትም። ወረቀቱን ነው።»

ልጅቷ ናት ከመሳቢያ ያወጣችው። ኃላፊውን ሳትጠይቅ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ሺፍቱን አምስት ጊዜ ነካሁት፤ ጢው ሲል በዚህ ጊዜ የዞረ የለም። «ሰዓት ይያዙልኝ» አልኩ። አልያዘም መሰለኝ፤ ልጅቷ ግን ስልኳን አወጣች። አጭር ቃሎቼ እዚያ ማሽን ላይ የሉም፣ ካፕስ ሎኬም የለም። አምስት ጣትና አንድ የሚጠብቀኝ ሺፍት ብቻ ነበር። ሁሉንም ፊደል በፊደል ጻፍኩት፣ አዛውንቱ «ጣትሽ ሲሄድ ልየው» እንዳሉት። ሰውየው ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ ጥላው ቁልፎቹ ላይ ወደቀ፤ እያየ ነበር። ስጨርስ ልጅቷ «አሥራ ሁለት ደቂቃ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አተምኩት። ከዚያ ማሽኑን እንደነበረ መለስኩት፣ እመልሳለሁ ብዬው ስለነበር። ወረቀቱን በግራ እጄ አነሣሁና ለኃላፊው ዘረጋሁለት።

እጁን አላነሣም። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ የጠረጴዛውን ዳር አየ።

«አስቀምጭው» አለኝ።

«አላስቀምጥም። ይቀበሉኝ።»

ክንዴን አላጠፍኩም። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። በመጨረሻ እጁን ሰደደና ወረቀቱን ከግራ እጄ ተቀበለኝ። ከላይ እስከ ታች ስህተት ፈለገበት። ሲያጣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ምን ሊያደርገው እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ስመለስ ጋሼ ማያዬ ፊት ተቀምጦ በሁለት እጁ እየተንገታገተ ነበር፤ ደፉ ላይ አራት ሰው ይጠብቃል። ቦታዬን ለቀቀልኝ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ የፍቺ ጉዳይ ነበራት፣ በዕድሜ እናቴን ታክላለች። እያወራችልኝ ጻፍኩላት፣ አተምኩላት፣ ወረቀቱንም በግራ እጄ ዘረጋሁላት። እጄን አየችና «አሏህ ያግዝሽ» ብላ ተቀበለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አላውቅም።